በዝናብና በጭጋግ በካምፐር ወደ ጌይራንገር ፊዮርድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ኦስሎ ነው። ከቤተሰቤ ጋር በካምፐር ወደ ጌይራንገር ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱን ጊዜ ከመነሻችን እስከ መመለሻችን ዘንቦብናል። ከዚያ ወዲህ ከስቶክሆልምም፣ ከፍራንክፈርትም፣ ከዚሁ ከኦስሎም የሚደውሉልኝ ወዳጆች ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ መልሶቼን እዚህ ሰበሰብኳቸው። ካምፐር የምለው አልጋና ማብሰያ ያለውን መኪና ነው፤ ኖርዌይ ውስጥ ያለን ሰዎች እንደ አገሬው "ቦቢል" እንለዋለን።

ትንበያው አራት ቀን ሙሉ ዝናብ ይላል። ጉዞውን ልሰርዘው?

በዝናብ ብቻ አትሰርዙት። ፊዮርዱና ወደ ፊዮርዱ የሚወስደው ተራራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለየብቻ አስቧቸው።

ፊዮርዱ ዝናብ ይወዳል። ጌይራንገር 15 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ጠባብ የባሕር ክንድ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዝናው ከገደሉ ላይ በሚወርዱት ፏፏቴዎች ነው። ደረቅ በሆነ ኦገስት ሄዳችሁ ከሆነ "ሰባቱ እህትማማቾች" የሚባለው ፏፏቴ ቀጥኖ ክር መስሎ ታገኙታላችሁ። አንዳንዶቹ እህቶች ጭራሽ ይጠፋሉ። ሁለት ቀን ከዘነበ በኋላ ግን ሰባቱም ይመጣሉ። ፎቶ ላይ የማታውቋቸው፣ ስም የሌላቸው ጅረቶችም ከየገደሉ ይወርዳሉ።

ተራራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የምትሰርዙት ወይም የምታራዝሙት ለተራራው ብላችሁ ነው። ኃይለኛ ንፋስ ካለ፣ የጎርፍ ወይም የናዳ ማስጠንቀቂያው ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከሆነ፣ ከፍታው ላይ በረዶ እየጣለ እናንተ የበጋ ጎማ ላይ ከሆናችሁ አትውጡ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ቀን ያዙ የምለው። ካምፐሩን እሁድ ማታ መመለስ ያለበት ሰው ቅዳሜ ተራራው ላይ ትክክለኛ ውሳኔ መወሰን ይከብደዋል።

ለምንድን ነው ግን እዚያ እንዲህ የሚዘንበው?

ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እርጥብ ንፋስ ይመጣል። ከዳርቻው ተራራ ጋር ይጋጫል፣ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ውሃውን እዚያው ያራግፋል። የእኛ አገር የሐምሌ ዝናብ ዶፉን አውርዶ ፀሐይ ይለቃል። የዚህኛው ፀባይ ሌላ ነው፤ ሲያካፋ ውሎ ሲያካፋ ሊያድር ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። ተራራው ውሃውን በምዕራብ በኩል ስለሚጨርሰው ከጀርባው ያለው ሸለቆ ደረቅ ነው። ሎም እና ጎረቤቷ ሾክ በኖርዌይ ውስጥ ዝናብ በጣም ከሚያንሳቸው ቦታዎች ናቸው። በዓመት የሚያገኙት 300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ገበሬዎቹ በድሮ ጊዜ ከተራራ ላይ ውሃ በቦይ እየመሩ ያጠጡ ነበር። ከሎም እስከ ጌይራንገር ደግሞ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ እኔ አየሩ ሲከፋ ማደሪያዬን ሎም አደርጋለሁ። ልጆቹ በደረቅ መሬት ይሯሯጣሉ፣ ልብሱ ይደርቃል፣ እኔ ትንበያውን እያየሁ ሰዓት እመርጣለሁ።

ከኦስሎ በየት በኩል ልሂድ?

የተለመደው ኢ6ን ይዞ በጉድብራንድስዳል ሸለቆ ወደ ኦታ፣ ከዚያ በ15 ቁጥር መንገድ በሎም በኩል ወደ ግሮትሊ፣ ከግሮትሊ በኋላ ደግሞ በ63 ቁጥር መንገድ ተራራውን አልፎ ወደ ጌይራንገር መውረድ ነው። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በካምፐር በአንድ ቀን አትሞክሩት።

አየሩ መጥፎ ከሆነ ግን ብዙ ሰው የማያውቀውን አማራጭ ልንገራችሁ። 63 ላይ አትታጠፉ። በ15 ቁጥር ወደ ስትሪን ቀጥሉ፤ ይህኛው ተራራውን በዋሻዎች ውስጥ የሚያልፍ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል ዋና መንገድ ነው። ከስትሪን ወደ ሄለሲልት ሂዱ። እዚያ ካምፐሩን ፌሪ ላይ ጫኑት። ፌሪው አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ያህል በፊዮርዱ መሐል ሄዶ ጌይራንገር ያወርዳችኋል። መንገዱ ይረዝማል፤ ግን ከፍተኛውን ከፍታ ታመልጣላችሁ፣ ፏፏቴዎቹንም ከሥራቸው ታያላችሁ። እኔ በዝናብ ቀን ከሁሉም የምመርጠው ይህንን ነው። ፌሪው በብርዱ ወራት ስለማይሠራ የጉዞ ሰሌዳውን አስቀድማችሁ እዩ፤ ጁላይ ላይ ደግሞ ቦታ አስይዙ።

ተራራው ላይ ያለውን አየር እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ላይ "ጌይራንገር" ብሎ ይጽፍና 8 ዲግሪ ሲል ይረጋጋል። ጌይራንገር መንደር ባሕር ጠርዝ ላይ ናት። የ63 ቁጥር መንገድ ከፍተኛው ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። 8 ዲግሪው ተራራው ላይ ስትደርሱ 2 ሆኗል። ንፋሱን ስትጨምሩበት ዝናቡ በረዶ የቀላቀለ ይሆናል። መስከረም ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፤ ጁን መጀመሪያ ላይም ተራራው ላይ ከመንገዱ ዳር ያለው የዩፕቫትነት ሐይቅ ገና በበረዶ እንደተሸፈነ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ስለዚህ "ይር" በሚባለው የኖርዌይ የአየር ትንበያ ላይ የሐይቁን ዳር ማረፊያ "ዩፕቫስሂታ" ብላችሁ ፈልጉ። የምታልፉበትን ሰዓት እዩ። ንፋሱን በተለይ እዩ። ለመንገዱ ደግሞ የመንገድ ባለሥልጣኑ ካርታ አለ፣ 175 ብትደውሉም ሰው ያናግራችኋል። የጎርፍና የናዳ ማስጠንቀቂያ "ቫርሶም" ላይ ይወጣል። ሦስቱንም ጠዋት ቡና ሲፈላ ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቁልቁለቱ ያስፈራል ይላሉ። እውነት ነው?

ዓባይ በረሃን ወይም ሊማሊሞን የነዳ ሰው አይደነግጥም። ያልነዳ ግን ይህንን ክፍል ረጋ ብሎ ያንብበው።

ከሐይቁ እስከ ባሕሩ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። መንገዱ ይታጠፋል፣ እንደገና ይታጠፋል። ካምፐር ደግሞ ሦስት ቶን ተኩል ሊመዝን የሚችል ነገር ነው፤ የውሃ ታንኩ፣ የጋዙ ሲሊንደር፣ የእናንተ ሻንጣ፣ ሁሉም ከኋላ ይገፋል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ፍሬን እየያዝኩ ነው የወረድኩት። ግማሽ ላይ ስደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ባለቤቴ ማብሰያው ነው ብላ ጋዙን ዘጋች። ሽታው ከጎማው ነበር የሚመጣው፤ ፍሬኑ ግሎ እግሬ ሥር መላላት ጀምሮ ነበር። ፍሊዳልሹቬ የሚባለው መመልከቻ ጋ ስንደርስ አቆምኩና ለአርባ ደቂቃ ቆመን አቀዘቀዝነው። ያን ቀን እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው ከመኪናው የወረድኩት።

መፍትሔው ማንኛውም የአገራችን የከባድ መኪና ሹፌር የሚነግራችሁ ነው፦ በማርሽ ውረዱ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ ይጩህ፣ ምንም አይሆንም። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን በእጅ የምትይዙበትን ቦታ ካምፐሩን ስትረከቡ ጠይቁ፣ ቁልቁለት ላይ አትፈልጉት። ፍሬን ስትይዙ ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ያዙና ልቀቁት፤ እግራችሁን ሳታነሱ መውረድ ነው የሚያግለው። ከኋላችሁ መኪና ከተከማቸ ማሳለፊያው ላይ ዳር ያዙ። ማሳለፊያው "ኤም" የሚል ፊደል ያለበት ሰማያዊ ምልክት አለው። አውቶቡስ ከታች ሲመጣ ካያችሁ እጥፋቱ ላይ አትግቡ፣ ከላይ ቆማችሁ ጠብቁት።

በሌላ በኩል ያለው "የንስር መንገድ" 11 እጥፋት አለው። በ1955 ነው የተከፈተው፤ ጌይራንገርን በብርዱ ወራት ከሌላው አገር ጋር የሚያገናኛት እሱ ነው። መንገዱ ከሐይቁ ከሚወርደው ሰፋ ያለ ነው። ሕጉ ግን አንድ ነው፣ በማርሽ።

መንገዱ ተዘግቶ ብናገኘውስ?

ትጠብቃላችሁ፣ ወይም ትዞራላችሁ። ማገጃው ከወረደ ማንም ሰው በዳር በኩል አይሞክርም።

አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ መኪኖች ከበረዶ ጠራጊ ጀርባ ተሰልፈው እንዲያልፉ ይደረጋል። ይህ ዋና ዋናዎቹ የተራራ መንገዶች ላይ በብርዱ ወራት ነው። የ63 መንገድ በግሮትሊ በኩል ጭራሽ ተዘግቶ ነው የሚከርመው፤ የሚከፈተው ሜይ አካባቢ ነው።

በጋ ላይም አይዘጋም ማለት አይደለም። ኦገስት 2023 "ሃንስ" የተባለው ማዕበል ሲመጣ የጉድብራንድስዳል ሸለቆ በጎርፍ ተመታ፣ ሪንገቡ አጠገብ ያለ የባቡር ድልድይ ፈረሰ። ታዋቂው የትሮልስቲገን መንገድም በ2024 በድንጋይ ናዳ ምክንያት ጁን ውስጥ ተዘግቶ ወቅቱ እስኪያልቅ አልተከፈተም። እኛም አንዴ ዩፕቫትነት ሐይቅ ጋ ስንደርስ ጭጋጉ የፊት መስታወቱን በነጭ ጨርቅ የጋረደው መሰለ። የመንገዱን ዳር እንጨት ማየት አልቻልኩም። ዞረን ወደ ግሮትሊ ተመለስን። ልጆቹ አኮረፉ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተራራው ግልጥ ብሎ አለፍን።

የድንጋይ ናዳ ወይም ከፊዮርዱ የሚነሳ ሞገድ ያሰጋል?

ታሪኩ እውነት ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። በ1934 ኤፕሪል ታፊዮርድ በሚባለው ጎረቤት ፊዮርድ ተራራ ተንዶ ባሕር ውስጥ ገባ፤ የተነሳው ሞገድ 40 ሰው ገደለ። ዛሬም ከጌይራንገር አፍ አጠገብ ያለው የኦከርነስ ተራራ ተሰንጥቆ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ስለዚህ ነው ሌት ተቀን በመሣሪያ የሚጠበቀው። ከመናዱ በፊት እንቅስቃሴው ስለሚፈጥን መንደሮቹን ቀድሞ ማስወጣት ይቻላል ተብሎ ነው የተዘጋጀው፤ የማስጠንቀቂያ ሳይረንም አለ። እኔ ይህንን እያወቅሁ ልጆቼን ይዤ እዚያ አድሬያለሁ።

ለእናንተ ይበልጥ የሚቀርበው አደጋ ትንሹ ናዳ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ወይም በረዶ ሲቀልጥ ከገደል ሥር አትቁሙ። መንገዱ ላይ አዲስ ጠጠር ካያችሁ ፎቶ ለማንሳት አትውረዱ፣ እለፉ።

የት እናድራለን? መንገድ ዳር ማቆም ይቻላል?

ኖርዌይ ማንም ሰው ተፈጥሮ ውስጥ እንዲንቀሳቀስና እንዲያድር የሚፈቅድ ሕግ አላት፤ ከ1957 ጀምሮ የጸና ነው። ከቤት 150 ሜትር ርቆ ድንኳን መትከል ይቻላል። ካምፐር ግን ድንኳን አይደለም። ከመንገድ ወጥቶ ሣር ላይ መንዳት የተከለከለ ነው፣ "ካምፒንግ ክልክል" የሚል ምልክት ያለበትም አይቻልም። ጌይራንገር ደግሞ 250 ያህል ሰው የሚኖርባት ጠባብ መንደር ናት። በበጋ መርከብ ሲመጣ መቆሚያም ይጠፋል።

ስለዚህ በመጥፎ አየር ካምፒንግ ግቡ፣ ክፈሉ። የኤሌክትሪክ መሰኪያ፣ ሙቅ ሻወር፣ ልብስ ማድረቂያ ታገኛላችሁ። ሽንት ቤቱን በተዘጋጀለት ቦታ ብቻ ድፉ። ስታቆሙ ሣሩን ሳይሆን ጠጠሩን ምረጡ፤ የረጠበ ሣር ላይ የፊት ጎማ ይሽከረከራል እንጂ አይወጣም። ጅረት አጠገብም አትቁሙ፣ ሌሊት ይሞላል።

ሌሊት ይበርዳል? ማሞቂያው ያስተማምናል?

ይበርዳል፤ ማሞቂያው ከሠራ ግን ቤት ከመተኛት አይለይም። ከሠራ።

አንድ ጊዜ የተረከብነው ካምፐር የጋዝ ሲሊንደር ሙሉ ነው ተብለን ባዶ ሆኖ አገኘነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ 3 ዲግሪ፣ ልጆቹ ከእነ ጃኬታቸው ተኙ። ከዚያ ወዲህ ሲሊንደሩን በእጄ ሳልመዝነው፣ ማሞቂያውን ሩብ ሰዓት ሳላሠራው ቁልፍ አልቀበልም። እናንተም አትቀበሉ። ጋዙ ፕሮፔን መሆኑንም ጠይቁ፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በደንብ አይተንም፣ ምድጃውም ይሞታል።

አሁን የምለውን በጣም አደራ እላለሁ። ካምፐር ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ለቡናም፣ ለዕጣንም፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። አገር ቤት በከሰል ጭስ ስንት ቤተሰብ ተኝቶ ሳይነቃ እንደቀረ ሁላችንም ሰምተናል። የካምፐር ክፍል ከትንሽ ጓዳ ያንሳል፣ ዝናብ ስለሆነ ደግሞ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። የማብሰያውን እሳትም እንደ ማሞቂያ አትጠቀሙበት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ከሌለው በራሳችሁ ገዝታችሁ ያዙ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ጀበናውን በጋዝ ምድጃው ላይ የጣሪያውን መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ አፍሉ፤ ዕጣኑ ቤት ይጠብቃችሁ።

የጣሪያውን መስኮት ሌሊትም ጥቂት ክፍት ተዉት። አራት ሰው ሲተነፍስ ያደረው እርጥበት ጠዋት ከመስታወት ላይ ይንጠባጠባል። ፌሪ ላይ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ጋዙን ዝጉ።

ምን እንልበስ?

ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ። ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም፣ ገላንም ያቀዘቅዛል፤ ጂንስ እቤት ይቅር። ጋቢ ግን ያዙ። ውጭ አይሆንም፣ ውስጥ ግን የሚተካከለው የለም። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ለልጆች ቦት።

ምግብስ?

እንጀራ እርጥበት ባለበት መኪና ውስጥ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ድርቆሽ ያዙ። ቁሌቱን እቤት ሠርታችሁ በትንንሽ ዕቃ አቀዝቅዙት፤ ካምፐር ውስጥ ሽንኩርት ካቁላላችሁ ሽታው ከፍራሹ አይለቅም፣ ስትመልሱም የጽዳት ያስከፍሏችኋል። ሽሮ በአንድ ምድጃ ሃያ ደቂቃ ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ጌይራንገር ያለው ሱቅ ትንሽ ስለሆነ ኦታ ላይ ገዝታችሁ ውጡ።

ጭጋጉ ምንም ካላሳየንስ?

ወደ ታች ውረዱ። ዳልስኒባ 1,476 ሜትር ላይ ያለ መመልከቻ ነው፣ መግቢያው ይከፈልበታል። ጭጋግ ባለበት ቀን ገንዘባችሁን አታጥፉ፣ ግድግዳ ነው የምታዩት። ደመናው ብዙ ጊዜ ከውሃው በላይ እንደ ጣሪያ ነው የሚቀመጠው፤ ከሥሩ ያለው ፊዮርድ ይታያል። በጀልባ ወይም በፌሪ ስትሄዱ ፏፏቴው ከደመናው ውስጥ ይወጣል፣ ጫፉ የት እንዳለ አታውቁም።

ቀና ብላችሁ ገደሉ ላይ ያሉትን አሮጌ እርሻዎች ፈልጉ። ሰዎች እዚያ ከብት ያረቡ ነበር። ስካገፍሎ የተባለው እርሻ ሰዎች ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ መሰላሉን ወደ ላይ ይስቡት ነበር ይባላል። ከሰባቱ እህትማማቾች አጠገብ ያለውን ክኒቭስፍሎን ግን ነዋሪዎቹ በ1898 ለቀውት ወጡ፤ ከበላያቸው የተንጠለጠለው ድንጋይ አስፈርቷቸው ነው።

መንጃ ፈቃድና ወረቀት?

እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ያለ ካምፐር በተራው የ"ቢ" መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ኖርዌይ ለመኖር የመጣ ሰው የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዱ የሚያገለግለው ለ3 ወር ብቻ ነው። መብራት ቀንም ይበራል። የአልኮል ጣሪያው 0.2 በሺህ ነው፣ ማለትም አንድ ቢራም አይጠጣም።

ከአገር ቤት የመጣች እናቴን ይዣት ብሄድ ይከብዳታል?

እኔ ወስጃታለሁ። የሚያስቸግረው ብርዱ ሳይሆን ከፍ ያለው አልጋና የመኪናው መወዛወዝ ነው። ስትከራዩ የታች አልጋ ያለውን ምረጡ። ከፊት ወንበር አስቀምጧት፣ እጥፋቱ ከኋላ ነው የሚያስመልሰው። የማስመለስ መከላከያ ክኒን ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራችሁ ያዙ። መውጫው ደረጃ ከረጠበ ስለሚያንሸራትት ጨርቅ አንጥፉበት። ፌሪው ላይ መስታወት ያለው ሙቅ መቀመጫ አለ፤ ጋቢዋን ለብሳ በግራም በቀኝም ማየት ትችላለች። ከሄለሲልት ስትመጡ ሰባቱ እህትማማቾች በግራ በኩል ናቸው፣ ቀድማችሁ ቦታ ያዙላት።